የጥምቀት ከረሜላ፣ ለስላሳና ማር ጥርስ ላይ ምን ይሰራሉ?

ዘንድሮ ከተራ ዕለት ታቦታቱን አጅበን እዚህ ጎንደር ፋሲል መዋኛ ካደረስን በኋላ ወደ ፒያሳ ስንመለስ የእህቴ ልጅ እጄን ይዞ ነበር። አምስት አመቱ ነው፣ አዲስ የሀገር ልብስ ለብሶ በጣም አምሮበት ነበር፣ አፉ ውስጥ ደሞ ያቺ እንጨት ያላት ክብ ከረሜላ አለች። ሰው ብዙ ስለነበር መንገዱ ወደ አንድ ሰአት ፈጀብን፣ እሱ ግን ከረሜላዋን አንዴ በግራ ጉንጩ አንዴ በቀኝ ጉንጩ እያደረገ፣ አውጥቶ እያያት ተመልሶ እየከተታት፣ ጃንተከል ዋርካ ጋር ስንደርስ እንጨቷ ብቻ ቀረች። የበላው አንድ ከረሜላ ነው፣ ማንም አይቶ በዛ አይልም። እኔ ግን ጥርስ ህክምና ላይ ስለምሰራ መንገዱን ሙሉ በልቤ ሰአት ስቆጥር ነበር፣ ምክንያቱም ጥርስ ላይ ዋናው ጥያቄ ስንት ከረሜላ በላ ሳይሆን ስኳሩ ስንት ደቂቃ አፉ ውስጥ ቆየ የሚለው ነው። ይሄን ብዙ ወላጅ አያውቀውም፣ ካለማወቅ የሚመጣውን ደሞ ስራ ቦታ በየሳምንቱ አየዋለሁ፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብያለሁ።

ከመጀመሪያው እንነሳ። «ጥርሴን ትል በላው» እንላለን አይደል፣ ትል ግን የለም። ያለው በአይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው፣ የሁላችንም አፍ ውስጥ አለ፣ ጠዋት ከእንቅልፍ ስንነሳ ጥርሳችንን በምላስ ስንነካው የምናገኘው ያ ሸፈን ያደረገ ነገር የነሱ ቤት ነው። ከነሱ ውስጥ በጥርስ መበስበስ ዋናው ተጠያቂ ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ የሚባለው ነው። እኛ ስኳር ስንበላ እነሱም ይበላሉ፣ በልተው የሚያወጡት ደሞ አሲድ ነው፣ ጥርሱን የሚያሟሟው ይሄ አሲድ ነው እንጂ ስኳሩ ራሱ አይደለም። የአሲድ መጠን በፒኤች ይለካል፣ ንጹህ ውሃ 7 ነው፣ ቁጥሩ በወረደ ቁጥር አሲዱ ይበረታል፣ አፍ ውስጥ ወደ 5.5 ሲወርድ የጥርሳችን የላይኛው ጠንካራ ሽፋን ማለትም ኢናሜሉ ካልሲየሙንና ፎስፌቱን መልቀቅ ይጀምራል። ጣፋጭ ከበላን በኋላ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እዛ ይደርሳል። ከዛ ምራቅ ስራውን ይጀምራል፣ አሲዱን ያጥባል፣ ያለዝበዋል፣ የጠፋውንም ማዕድን ቀስ ብሎ ይመልሳል፣ ይሄ ግን ከግማሽ ሰአት እስከ አንድ ሰአት ይፈጅበታል። እና ምራቅ ጥገናውን ሳይጨርስ ሌላ ከረሜላ ከገባ ሰአቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል ማለት ነው።

ነገሩ በሙሉ እዚች ላይ ነው ያለው። አንድ ልጅ አስር ከረሜላ ከምሳ በኋላ በአንዴ ቢበላ ጥርሱ አንድ ረዘም ያለ የአሲድ ጊዜ ያሳልፋል፣ ያንኑ አስር ከረሜላ ከጠዋት እስከ ማታ በየሰአቱ አንድ አንድ እያደረገ ቢበላ ግን ቀኑን ሙሉ አሲድ ውስጥ ተነክሮ ይውላል። ስኳሩ እኩል ነው፣ ጉዳቱ እኩል አይደለም። እናቶች ልጄ እንዳይጎዳ ብለው ከረሜላውን ደብቀው ትንሽ በትንሽ ሲሰጡት ሳይ በጣም አዝናለሁ፣ ለሆዱ አስበው ነው፣ ለጥርሱ ግን የባሰው መንገድ ያ ነው።

ይሄ የኔ ግምት አይደለም። ስዊድን ውስጥ ቪፔሆልም የሚባል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ሆስፒታል ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለአመታት እዛ ያሉ ሰዎችን በቡድን ከፍለው ለአንዱ ቡድን ስኳሩን ከምግብ ጋር፣ ለሌላው ደሞ የሚጣበቅ ከረሜላ በምግብ መሀል እየሰጡ ጥርሳቸውን ተከታተሉ። ስኳር በብዛትም ቢሆን ከምግብ ጋር የወሰዱት ጥርሳቸው ላይ የመጣው ለውጥ ትንሽ ነበር፣ ያን የሚጣበቅ ከረሜላ በየመሀሉ ሲበሉ የነበሩት ግን ጥርሳቸው በጣም ተበላሸ። ሰዎቹ ሳይጠየቁና ሳይፈቅዱ የተሰራባቸው ነገር ስለሆነ ዛሬ ማንም እንደዛ ያለ ጥናት ስሩ ብሎ አይፈቅድም፣ ሳነበው ሁሌ ልቤን ይከብደዋል፣ በነሱ ጥርስ የተገኘውን እውቀት አለመጠቀም ግን ደሞ ሌላ በደል ይመስለኛል።

አሁን ወደኛው ቤት እንምጣ። የጥምቀት ቀን አንድ ልጅ እንዴት እንደሚውል አስቡት። ጠዋት ድፎ ዳቦ በማር፣ ሻይ በስኳር። ከቤት ሲወጣ ኪሱ ውስጥ ማስቲካ። መንገድ ላይ ብስኩት። ዘመድ ቤት ሲገባ «ና እስቲ የኔ ጌታ» ተብሎ እፍኝ ከረሜላ፣ እምቢ እንዳይል ደሞ «በሞቴ» አለ፣ ከዛ አንድ ለስላሳ ተከፍቶለት ስትሮ ተሰክቶለት ቁጭ ብሎ ለሁለት ሰአት ትንሽ ትንሽ ይስባል። ከሰአት ሌላ ቤት፣ ሌላ ለስላሳ፣ ኬክ። ማታ ደክሞት ሶፋ ላይ ጥርሱን ሳይቦርሽ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ተሸክመው አልጋው ላይ ያስተኙታል። ብትቆጥሩት ከአስር ጊዜ በላይ ጣፋጭ አፉ ገብቷል፣ ምራቁ አንድም ጊዜ ጥገናውን አልጨረሰም። እንቅልፍ ሲወስደን ደሞ ምራቅ በጣም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሌሊቱን ጥርሱ ላይ ያደረው ስኳር የሚያጥበው የለም።

እውነቱን ለመናገር ግን አንድ በዓል ብቻውን ጤነኛ ጥርስ አይበሳም። ጥርስ ለመበሳት ወራት፣ አንዳንዴም አመታት ይፈጅበታል። ከጥምቀት በኋላ ጉንጩን ይዞ የሚመጣው ልጅ ጥርሱ ቀድሞ የተበሳ ነበር፣ በዓሉ ቀዳዳውን ስኳር ሞላበትና ቀሰቀሰው። እኔን የሚያሳስበኝ የበዓሉ ቀን ሳይሆን ሰሞኑ ነው፣ ከገና ታህሳስ 29 ጀምሮ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ እስኪያልፍ ቤት ውስጥ ጣፋጭ አይጠፋም፣ ከዛም እንግዳው ሄዶ ያ የከረሜላ ፌስታል ቡፌው ላይ ይቀራል፣ ልጁም ባለፈ ባገደመ ቁጥር አንዲት አንዲት ያነሳል፣ እስከ ዐቢይ ጾም የሚቆይበት ቤት አለ።

ጣፋጩ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። እስቲ በየተራ እንየው፣ አንዳንዱ ሳያስገርማችሁ አይቀርም።

በጣም የሚጎዳው ቀስ ብሎ የሚሟሟውና የሚጣበቀው ነው። እንጨት ያላት ከረሜላም ሆነች ጠንካራዋ የምትመጠጥ ከረሜላ እስክታልቅ ድረስ ስኳር ስታንጠባጥብ ትቆያለች፣ ኮምጠጥ የምትለው ደሞ ራሷ አሲድ ስላለባት ጉዳቷ ድርብ ነው። የምትታኘከዋ ለስላሳ ከረሜላ የመንጋጋ ጥርስ ላይ ባሉት ቦዮች ውስጥ ተጠቅጥቃ ትቀራለች፣ ምላስ አያወጣትም። ቸኮሌት ከነዚህ ሁሉ ይሻላል፣ ቅባት ስላለው ቶሎ ከአፍ ይወርዳል፣ ስለዚህ ከከረሜላና ከቸኮሌት አንዱን ለልጁ ምረጪ ብትሉኝ ሳላስብ ቸኮሌት ነው የምለው። ልጆች የሚወዱት ያ ጥጥ የሚመስለው ስኳርም ሲያዩት ያስፈራል እንጂ አፍ ውስጥ ወዲያው ይጠፋል፣ በአንዴ በልቶ ውሃ ከጠጣበት ከመጣጩ ከረሜላ ይሻላል።

ማንም የማይጠረጥረው ብስኩት ነው። ብስኩትና ቺፕስ አፍ ውስጥ ሲታኘኩ ሊጥ ይሆናሉ፣ ጥርስ መሀልና ድድ ስር ይለጠፋሉ፣ ከቸኮሌትም አልፎ ከአንዳንድ ከረሜላ የበለጠ ጊዜ ይቆያሉ፣ ስታርቹን ደሞ ምራቅ ራሱ ወደ ስኳር ይሰባብረዋል። «ኧረ እኔ ለልጄ ጣፋጭ አልሰጥም፣ ብስኩት ብቻ ነው» የምትለኝ እናት ብዙ ናት። እስቲ አንድ ብስኩት በልታችሁ ከአስር ደቂቃ በኋላ ምላሳችሁን በኋላ ጥርሳችሁ ላይ አሂዱት፣ አሁንም እዛው ነው።

ማርስ? ማር መድሀኒት ነው ብለን ነው ያደግነው፣ ለጉሮሮ ይሁን ለሌላው አልከራከርም፣ ለጥርስ ግን ማር ስኳር ነው፣ ክብደቱ 80 ከመቶ ገደማ ስኳር ነው፣ ይጣበቃል፣ ትንሽ አሲድነትም አለው። ባክቴሪያው ማሩ ንጹህ የደጋ ማር ይሁን የሱቅ ስኳር አይለይም። ብርዝም እንደዛው ነው፣ አልኮል የለውም ተብሎ ለልጅ በብርሌ ይሰጣል፣ ልጁም እንደ ትልቅ ሰው ይዞት እየተጎነጨ ይውላል። ከምሳ ጋር ጠጥቶ ቢጨርሰው ምንም አይደለም፣ ይዞት መዋሉ ነው ጥፋቱ። አዲስ ዓለም ሰፈር ላሉ ጎረቤቶቼም ረመዳን ላይ የምነግራቸው ይሄንኑ ነው፣ ቴምር ጥሩ ምግብ ነው ግን በጣም ይጣበቃል፣ ሲያፈጥሩ በልተው ውሃ ቢጠጡበት ችግር የለውም፣ ከማፍጠሪያ እስከ ስሁር እየተነሳ የሚበላው ነው ጥርሱን የሚጎዳው።

ድፎ ዳቦው ግን ከወጥ ጋር ከተበላ ምንም አትስጉበት። ቆሎም እንደዛው፣ ስኳር ካልተጨመረበት ገብስና ሽምብራ ቆሎ ለልጅ ከብስኩት መቶ እጥፍ ይሻላል፣ ለትንሽ ልጅ እንዳያንቀው ብቻ ተጠንቀቁ። ሸንኮራ አገዳ መሀል ላይ ነው፣ ማኘኩ ምራቅ ያመጣል፣ ጭማቂው ግን ስኳር ነው፣ አንድ አንጓ በልቶ ማቆምና ከሰአቱን ሙሉ ሲያኝኩ መዋል ይለያያል።

ለስላሳ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እንደኔ እምነት በበዓል ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የኮካ ጠርሙስ ውስጥ 32 ግራም ገደማ ስኳር አለ፣ ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የአለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ25 ግራም በታች ቢሆን መልካም ነው ይላል፣ አምስት አመት ልጅ በአንድ ጠርሙስ ከአዋቂ የቀን ልክ አለፈ። ከስኳሩ ሌላ ለስላሳው ራሱ አሲድ ነው፣ የኮካ ፒኤች 2.5 አካባቢ ነው፣ 5.5 ላይ ጥርስ ይሟሟል ያልነውን አስታውሱ። ለዛ ነው ዜሮ ስኳር የተባለውም ለጥርስ ንጹህ የማይሆነው፣ ባክቴሪያውን አይመግብም ግን ኢናሜሉን ያሳሳል። እና እባካችሁ ለስላሳ በጡጦ ለህጻን አትስጡ። ሻይ በስኳርም፣ ጁስም ቢሆን። ጡጦ አፉ ውስጥ ይዞ የሚተኛ ልጅ መጀመሪያ የሚሄዱበት የላይኞቹ አራት የፊት ጥርሶች ናቸው፣ የታችኞቹን ምላሱ ስለሚሸፍናቸው ይተርፋሉ። ሁለት አመት ከግማሽ የሆናት ልጅ አፏን ስትከፍት ከላይ አራት ቡናማ ጉቶ፣ ከታች ነጭ የሚያምሩ ጥርሶች አይቻለሁ፣ እናትየው ገና ሳልጠይቃት «ማታ ማታ እንድትተኛልኝ ብዬ ነው» ብላ አለቀሰች። ማንም አልነገራትም ነበር።

ሎሚ ደሞ የጥምቀት ነገር ስለሆነ አልዘለውም። ሎሚ መወርወሩ ደስ የሚል ባህላችን ነው፣ ይቀጥል፣ ጥርስ ላይ ማሸቱን ነው የምቃወመው። ለጥምቀት ጥርሴ ይንጣ ብለው ሎሚ በጨው ወይም በከሰል የሚያሹ ልጆች አሉ፣ ለሁለት ቀን የነጣ ይመስላል፣ ምክንያቱም ላዩ ተልጧል። የሎሚ ፒኤች ከ2 ትንሽ በልጦ ነው፣ ኢናሜል ደሞ አንዴ ከሄደ አይበቅልም፣ ከስሩ ያለው ዴንቲን ቢጫ ስለሆነ ከጊዜ በኋላ ጥርሱ ከበፊቱ የባሰ ቢጫ ይሆናል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካውም ይቆረጥመዋል።

«አያቶቻችን መቼ ቦርሸው ያውቃሉ፣ ጥርሳቸው ግን እንደ ወተት ነበር» የሚለውን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እውነት አላቸው፣ የኔም አያት ድዷን ተነቅሳ ከዛ ጥቁር ድድ ላይ ጥርሷ ቦግ ብሎ ነበር የሚታየው፣ ጠዋት ጠዋት የወይራ መፋቂያዋን ይዛ ደጅ ትቀመጥ ነበር። ግን ስኳሩ የት ነበር? ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ስራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። እሷ ልጅ ሳለች ጣፋጭ ማለት ማር ነበር፣ እሱም በአመት ስንት ቀን። የኛ ልጆች ስኳር የሚያገኙት በየቀኑ ነው፣ ስለዚህ የሷ መፋቂያ ብቻውን አይበቃቸውም። መፋቂያ ቆሻሻውን ያነሳል፣ ጥሩ ነው፣ የሚጎድለው ፍሎራይድ ነው፣ ፍሎራይድ ኢናሜሉ አሲድ እንዲቋቋም ያደርገዋል፣ ለዛ ነው የጥርስ ሳሙና ስትገዙ ፍሎራይድ አለው ወይ ብላችሁ ጀርባውን አንብቡ የምለው፣ ከ1000 ፒፒኤም (ሳሙናው ውስጥ ያለው የፍሎራይድ መጠን የሚጻፍበት መለኪያ ነው) ያላነሰ ይሁን። ፍሎራይድ ጥርስ ያበላሻል የሚሉት ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ የመጣ ነገር ነው፣ እዛ የጉድጓድ ውሃው ራሱ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የልጆች ጥርስ ቡናማ ይሆናል፣ በልኩ የተደረገ የጥርስ ሳሙና ግን ሌላ ነው። ከሶስት አመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ ከሶስት እስከ ስድስት የአተር ፍሬ የምታክል ትበቃለች። ቦርሾ ይትፋው እንጂ በውሃ ደጋግሞ አይጉመጥመጠው፣ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል።

ታዲያ በበዓል ምን እናድርግ ለሚለኝ፣ ከረሜላ ይከልከል አልልም፣ በዓል ነው። ሰው የሰጠውን ከረሜላ ልጁ ይቀበል፣ ያመስግን፣ ኪሱ ይክተተውና ከምሳ በኋላ በአንዴ ይብላው። ምግብ ሲበላ ምራቅ ስለሚበዛ ያኔ ነው ጥርስ ስኳርን የሚችለው። ከዛ ውሃ ይጠጣ፣ ቢችል ተጉመጥምጦ ይዋጠው። ለስላሳ ከተከፈተ ምግብ ላይ ጠጥቶ ይጨርስ፣ ጠርሙሱን ይዞ አይዙር። ለስላሳ ወይ ሎሚ እንደነካው ወዲያው አትቦርሹለት፣ ኢናሜሉ ለስልሶ ስለሚሆን ብሩሹ ይፍቀዋል፣ ግማሽ ሰአት ጠብቁ። ማታ ግን ምንም ቢደክመው፣ ተኝቶም ቢሆን ቀስቅሳችሁ ቦርሹለት፣ ከሁሉም አንዱን ብቻ አድርጊ ብባል ይቺን ነው የማደርገው።

በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ልጁን መስኮት አጠገብ ወስዳችሁ የላይኛውን ከንፈሩን ከፍ አድርጋችሁ እዩት። ድዱ ጠርዝ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ መስመር ካያችሁ ጥርሱ ማዕድን መልቀቅ ጀምሯል ማለት ነው፣ እዚህ ደረጃ ላይ በፍሎራይድና በአመጋገብ ሊመለስ ይችላል፣ ያኔ ብትመጡ ደስ ይለኛል። ቡናማ ቀዳዳ ከሆነ መሞላት አለበት፣ «የወተት ጥርስ ነው ይወድቃል» አትበሉ፣ የኋላ የወተት ጥርሶች እስከ 10 እና 12 አመት ድረስ ይቆያሉ፣ ህመሙም መግሉም እንደ ትልቅ ሰው ነው፣ ከስር ያለውንም ጥርስ ይጎዳል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ህመም ከሆነ ነርቩ ጋር ደርሷል። አስፕሪን ድዱ ላይ አታስቀምጡለት፣ ስጋውን ያቃጥለዋል፣ ለልጅ አስፕሪን በአፍም አይሰጥም። ጉንጩ ካበጠና ትኩሳት ካለው ደሞ ነገ አትበሉ፣ በዓልም ቢሆን፣ በዛው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

የእህቴን ልጅ በነጋታው አየሁት። ሁለት የኋላ ጥርሶቹ ላይ ያ ነጭ መስመር አለ፣ ቀዳዳ ገና የለም። እህቴ ቡፌው ላይ የነበረውን ፌስታል አንስታ ከፍ ያለ ቁምሳጥን ውስጥ አስገባችው፣ ከምሳ በኋላ ትከፍታለች፣ እሱም ሁለት ይመርጣል፣ ቆሞ ይበላቸዋል፣ ውሃውን ጠጥቶ ብርጭቆውን ባዶ መሆኑን ያሳያታል። ለመጋቢት ቀጠሮ ይዤለታለሁ።